ከነላስቲኩ የተተከለ ጥድ

ነገሩ የጀመረው በሰኔ ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ላይ ነው። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ አባርቶ፣ ጥቁሩ መረሬ አፈር እንደ ሊጥ ከጫማ ሥር እየተጣበቀ፣ እኔ የእማዬን የጎማ ቦት ጫማ አጥልቄ ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው አጥር ሥር ቁጢጥ ብዬ ነበር። አጥር የምለው ለወጉ ያህል ነው። አባዬ በመንገዱ ጠርዝ ላይ ገመድ ወጥሮ በአንድ መስመር የተከላቸው የፈረንጅ ጥድ ችግኞች ሁለት ክረምት ጠጥተውም ከጉልበቴ አላለፉም፤ ቅጠላቸው ከአረንጓዴ ይልቅ ወደ ዝገት ያደላል፤ የሚያልፉት ፍየሎች እንኳ ጠጋ ብለው ካሸተቷቸው በኋላ ሐሳባቸውን ቀይረው ይሄዳሉ። በቂሊንጦ በኩል ያለው አዲሱ ሰፈራችን ገና በመሠራት ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ በብሎኬትና በቆርቆሮ ታጥሮ ሲገባ የእኛ ደጅ በእነዚህ ቀጫጮች እጅ ወድቆ ቀርቷል። በሥራ ቀን ማታ ማታ ከሰርቪስ ወርጄ በአጠገባቸው ሳልፍ እኔ ያከሳኋቸው ይመስል አንገቴን ደፍቼ ነበር የማልፈው። ያን ቅዳሜ ግን ምን እንደጎደላቸው ሳላውቅ አልነሳም ብዬ መኮትኮቻ ይዤ ወጣሁ።

የደረቀ የመሰለኝን ቅርንጫፍ ቀንጥቤ በጣቶቼ መሃል አሸት ሳደርገው ሽታው ወጣ። ትንሽ ሎሚ፣ ትንሽ ሙጫ፣ ትንሽ ደግሞ ገና የተላገ ጣውላ የሚሸት፣ አፍንጫን ሰርስሮ የሚገባ ሽታ ነው። ያ የከሳ ነገር ይህን ሁሉ ሽታ የት ደብቆት እንደነበር እየገረመኝ፣ መኮትኮቻውን በእጄ እንደያዝኩ፣ በሐሳቤ አቃቂ በሰቃ ከነበረው የድሮ ቤታችን ደጅ ደረስኩ።

ያ ቤት ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጀርባ ለሠራተኞች ከተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከተያያዘ ቤቶች አንዱ ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት በር፣ አንድ ዓይነት መስኮት፣ አንድ ዓይነት የደበዘዘ ቢጫ ቀለም ስለነበራቸው፣ እንግዳ ሲመጣ ቁጥር አንነግረውም፤ «ጥድ ያለበት» ብለን እንልከው ነበር። ጥዱ በዕድሜ ይበልጠኛል። አባዬ ፋብሪካው ውስጥ በጥገና ሠራተኛነት በተቀጠረበት ክረምት፣ እማዬን ከማግባቱ በፊት የተከለው ነው፤ እማዬም በተናደደች ቀን «ውሃ የሚያጠጣልህ ብታጣ ነው እኔን ያገባኸኝ» ትለው ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ ጥዱ የአባዬ ትከሻ ላይ ደርሷል። ከውጭ ሲያዩት እንደ ግድግዳ የጠበደለ ነው፤ ውስጡ ግን ባዶና ከፊል ጨለማ ሆኖ፣ አንድ ልጅ ተንበርክኮ ከዳር እስከ ዳር ሊሄድበት የሚችል ስርቻ ነበረው። ያ ልጅ ብዙውን ጊዜ እኔ ነበርኩ። የሰው ድምፅ ከደጅ በሰማሁ ቁጥር እዚያ እገባና እማዬ ለእንግዶቹ «አሁን እኮ እዚህ ነበረች» ስትል፣ የረገፈው የጥድ ቅጠል ጉልበቴን እየወጋኝ፣ ትንፋሼን ውጬ እሰማታለሁ። ስለ ሰፈሩ ሰው የማውቀውን አብዛኛውን ነገር ያወቅሁት ከዚያ ውስጥ ሆኜ ነው።

ልብስ የምናሰጣውም ጥዱ ላይ ነበር። ገመድ አጥተን አይደለም፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ነፋስ ሲመጣ ወድቆ አፈር ይበላል፣ ጥዱ ግን በሺህ ጣቶቹ ጨብጦ አይለቅም። ስለዚህ አንሶላችን፣ የአባዬ ቱታ፣ የእኔም ዩኒፎርም ሁሉ ጥድ ጥድ ይሸት ነበር፤ ክፍል ስገባ ልጆቹ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው «ገና መጣች» ይሉ ነበር፣ ያውም በሚያዝያ ሙቀት። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ እመኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከተለጠፉብኝ ስሞች ሁሉ እንደዚያ ያማረ አላገኘሁም።

የገናን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ በዓሉ ሲቃረብ የሰፈሩ ጎረምሶች ቢላ ይዘው በምሽት ይዞሩና የጥዳችንን ራስ ራሱን እየመተሩ ይወስዱ ነበር፤ ጠዋት አባዬ ሲወጣ አጥሩ ጥርሱ የረገፈ ሰው አፍ መስሎ ይጠብቀዋል። ጮኸ፣ ዘበኛ ሆኖ አመሸ፣ ለአባቶቻቸው ነገረ፤ የሠራለት ነገር የለም። ከዚያ አንድ ዓመት፣ የሚንኳኳ ማሽን አጠገብ ቆሞ እንደሚያስበው ሁሉ አስቦ አስቦ መላ አገኘ። የዓመቱን ክርከማ በሙሉ ወደ ገና ዋዜማ አዛወረው። በዚያ ቀን ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወጥራል፤ ውሃ ልኩን ገመዱ ላይ አስቀምጦ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ በትልቁ መቀስ ሲከረክም እማዬ ከደጃፉ ሆና ለጥዱ ከሚጨነቅ ለራሱ ፀጉር ቢጨነቅ ምን ነበረበት እያለች ትነዘንዘዋለች። የተቆረጠውን በየመጠኑ ለይቶ፣ ልጅ ለበዛበት ቤት ትልቁን፣ ለሽማግሌዎቹ አነስ ያለውን አድርጎ ያስርና፣ ከፋብሪካው ወለል ከሚጠረገው የጥጥ ብናኝ በያንዳንዱ እስር ላይ ቆንጥሮ ያስቀምጣል። ጥጡ በረዶ መሆኑ ነው። እማዬ በረዶ የት አይተህ ታውቃለህ ስትለው፣ ጥጥ አይቻለሁ፣ ይበቃል ይላት ነበር።

አዳይዋ እኔ ነበርኩ። ይህን ሥራ ለምን ለእኔ፣ እንግዳ ሲመጣ አጥር ውስጥ ለምገባው ልጅ፣ እንደሰጠኝ ያኔ አልገባኝም ነበር። ቅርንጫፉን ፊቴ ላይ ግጥም አድርጌ ይዤ በር አንኳኳለሁ፤ በሩን የሚከፍተው ሰው የሚያየው ሁለት እግር ያለው ጥድ ነው። ምንም መናገር አይጠበቅብኝም፤ ጥዱ ራሱ ለምን እንደመጣ ይናገራል። ሰዎቹ ይመርቁኛል፣ አንዳንዱ ዳቦ ያስይዘኛል፣ እኔም እሾሃማው ቅጠል አገጬን እየቧጨረኝ፣ ማንም ሳያየኝ ሁሉንም አይቼ እመለሳለሁ። ጎረምሶቹም ከዚያ ወዲያ ቢላ ይዘው አልመጡም። በእጅ የሚሰጥን ነገር በምሽት ሄዶ መስረቅ ሳያሳፍራቸው አልቀረም።

ከጥዱ ማዶ አዴ ጫልቱ ነበሩ። ቤተሰባቸው ፋብሪካው ከመምጣቱ በፊት እዚያው ያርስ የነበረ ነው፤ ላሞች ስለነበሯቸው በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ አንድ ከረጢት ፍግ በጥዱ ሥር ይደፉልን ነበር። እማዬና እሳቸው ቀኑን ሙሉ ያወራሉ፤ አንዳቸው ከወዲህ ድስት እያጠቡ፣ አንዳቸው ከወዲያ ጎመን እየቀነጠሱ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ፣ አንዷ በኦሮምኛ የጀመረችውን ሌላዋ በአማርኛ እየጨረሰች። አንድ ቀን ከስርቻዬ ውስጥ ሆኜ፣ እማዬ በምን እንደሆነ ዛሬም ድረስ በማላውቀው ነገር ድምፅዋን ዋጥ አድርጋ ስታለቅስ ሰማሁ። ከጭንቅላቴ በላይ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸና የአዴ ጫልቱ ክንድ እስከ ብብታቸው ድረስ በጥዱ መሃል አልፎ ወዲህ ወጣ፤ የእማዬን እጅ ያዘ፤ ብዙ ቆየ። ሲመለስ ክንዳቸው ላይ የተቧጨረውን ነጫጭ መስመር አይቻለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የመንገድ ሥራ መጣ። ግድግዳ ላይ ምልክት ተቀባ፣ ስብሰባ ተጠራ፣ ምትክ ቦታ እንደሚሰጠን ተነገረን። ሌላው ሰው በሩንና ቆርቆሮውን ነቅሎ ሊወስድ ሲሰናዳ አባዬ ጥዱን ሊወስድ ተሰናዳ። እማዬ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏት ነበር። እሱ ግን ከሥራ ሲመለስ ዶማ እያነሳ ከአንዱ ግንድ ሥር ይቆፍር ጀመር፤ ሥሩ ክንዱን አክሎ፣ አንዱ ወደ ወጥ ቤታችን ወለል፣ አንዱ ወደ አዴ ጫልቱ ግቢ፣ ሌላው ደግሞ በቀጥታ ወደ ታች ይሄዳል፤ አንዱን ተከትሎ ሲደርስ ሌላ ይጠብቀዋል። ሲያቅተው ለጋ ለጋውን ቆርጦ በጣሳ ውሃ ነከረ፤ ያም ኋላ ሳሪስ በተከራየናት ክፍል መስኮት ላይ ቀስ በቀስ ቡናማ ሆኖ ረገፈ። የሚያፈርሰው ማሽን የመጣ ዕለት አብሬው ቆሜ ነበር። ጥዱ በቀላሉ አልወጣም። ሲወጣም የወጥ ቤታችን ወለል አብሮት ተነሳ፤ ሥሩ ሲበጣጠስ የወጣው ሽታ ሰፈሩን ሁሉ ሞላው። አባዬ እስኪያበቃ ቆሞ አየና የመከርከሚያ ገመዱን ጠቅልሎ ኪሱ ከቶ «እንሂድ» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ጥዱ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። አዴ ጫልቱ ገላን ያለችው ልጃቸው ዘንድ ገቡ፤ በዓል ሲመጣ በስልክ እናገኛቸዋለን።

ከዚያ ሁሉ የመለሰኝ የመኮትኮቻው ጫፍ ነው፤ አፈሩን ስጭር የሆነ የሚንኮሻኮሽ ነገር ነካ። የጥቁር ላስቲክ ጠርዝ ነበር። ያዝ አድርጌ ስስበው ችግኙ ያለምንም ትግል፣ ከመደርደሪያ ላይ እንደሚነሳ ብርጭቆ፣ ከነላስቲኩ ብድግ ብሎ እጄ ላይ ቀረ። ከችግኝ ጣቢያ ሲመጣ የነበረበት ላስቲክ ነው። ሁለት ክረምት መሬት ውስጥ ኖሮ መሬቱን አልነካም ማለት ነው። እርግጥ ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ እኛም ከመሥሪያ ቤት ችግኝ ልንተክል ስንወጣ፣ ፎቶ አንሺው ሲቸኩል፣ ላስቲኩን ሳይቀድ ጉድጓድ ውስጥ ዶል የሚያደርግ ሰው አይጠፋም። አባዬ ግን ያጠበቀውን ብሎን ተመልሶ የሚያጠብቅ ሰው ነው። የሚቀጥለውን ነካሁ፣ እሱም ከነላስቲኩ ነው። ከእሱ የሚቀጥለውም።

እማዬ የታጠበ ልብስ በሳፋ ይዛ ስትወጣ አሳየኋት። ሳቀች፤ እኔ ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ አፈሩን ነው የማማው አለች። ቀጥሎ ግን ሳቋ ፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። እሷም ስለ ብሎኑ ያሰበች መሰለኝ።

አባዬ የድሮው ሰፈራችንን ዕድር ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ እኩለ ቀን ሆኗል። ችግኙን ደረጃው ላይ ሲያይ ቆም አለ።

«መልሺው» አለኝ።

«አባዬ፣ ላስቲኩ አልወጣለትም። ሁሉም እንደዚህ ናቸው።»

«አውቃለሁ።»

እማዬ ሳፋውን መሬት ላይ አስቀመጠች። «አውቀህ ነው?»

የጫማውን ጭቃ በደረጃው ጠርዝ እያራገፈ፣ እኛን ሳያይ ነገረን። ታክሲ ውስጥም ዕድር ላይም ይወራል፤ በዚህም በኩል መንገድ ይወጣል፣ ይህም ሰፈር ይነሳል ይባላል። በጽሑፍ ያየው ሰው የለም፤ ግን ያኛውም ሲጀመር ወሬ ነበር። «ሲያስነሱን መቆፈር የለብኝም» አለ። «በእጄ እያነሳሁ መኪና ላይ እጭናቸዋለሁ።»

የሠርጋቸው ፎቶ እስከ ዛሬ ሳይሰቀል ግድግዳ ተደግፎ ለምን እንደቆመ፣ የእማዬ ቁምሳጥን ለምን ሲመጣ የታሰረበት ገመድ እንዳለ ከነካርቶኑ እንደተቀመጠ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁልጊዜ ልስኑ በደንብ ይድረቅ እያለ ያሳልፈን ነበር።

«ስንት ጊዜ ነው የምትነሳው አንተ?» አለችው እማዬ፤ አልጮኸችም። «መጀመሪያ ተቀመጥ እንጂ።» ሳፋዋን አንስታ ገባች።

እኔም ልከተላት ነበር፤ ሰዎች ሲነጋገሩ ወደ ውስጥ መግባት ልማዴ ነው። ግን እግሬ አልሄደም። አባዬ እነዚህን ችግኞች ካልለቀቃቸው ጥዱ ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ እማዬ ቤት ሳይኖራት ታረጃለች፣ እኔም ከሁለቱ መሃል ቆሜ፣ መኪና እንደሚጠብቅ ሰው፣ ዕድሜዬን እገፋለሁ። ስለዚህ እያየኝ ሳይሆን ችግኙን እያየ ሳለ ተናገርኩ።

«እንዲህ ሆነው የትም አይሄዱም፣ አባዬ። እዚሁ ነው የሚደርቁት።»

አባዬ ችግኙን ከደረጃው ላይ አንስቶ አገላበጠው። ከላስቲኩ ሥር፣ ውሃ ማስወገጃ ተብሎ ከተበሳው ቀዳዳ፣ ክር የምታህል ሥር ወጥታ ነበር፤ ጫፏ ነጭ ነው። በአውራ ጣቱ አጠገቧ ያለውን አፈር ጠረገላትና ብዙ ካያት በኋላ ችግኙን ቀስ አድርጎ አስቀምጦ ገባ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ከሰዓት በኋላውን ሦስታችንም በየክፍላችን ሆነን የቆርቆሮውን ድምፅ ስናዳምጥ ዋልን።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲያባራ አባዬ የፋብሪካ ቱታውን ለብሶ፣ ምላጭ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ወጣ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ያን ቱታ ለብሶት አያውቅም፤ ሆዱ አካባቢ ጠቦታል።

«ከየትኛው እንጀምር?» አለኝ።

እሱ ላስቲኩን ከላይ ወደ ታች ይሰነጥቃል፣ እኔ ሥሩን እፈታለሁ። ሥሩ የላስቲኩን ቅርጽ ይዞ ዙሪያውን ተጠምጥሟል፤ አባዬ አይቶ ማጠንጠኛ ላይ ያለ ክር ነው የሚመስለው አለ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከክር ጋር እንደኖረ ሰው። በጣቴ እየፈለቀቅሁ ወደ ውጭ ስዘረጋው አንዳንዱ ይበጠሳል፤ በተበጠሰ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ፣ እሱ ቀጥይ ይለኛል። መረሬው ውሃ አቁሮ እንዳያፍናቸው አፈሩን በአሸዋ ቀላቅለን ከፍ ከፍ አደረግንላቸው። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች።

«ግማሾቹ ላይተርፉ ይችላሉ» አለ አባዬ ወገቡን ይዞ እየተነሳ።

«ግማሾቹ ይተርፋሉ ማለት ነው» አለች እማዬ።

የመጨረሻዋን፣ ጥግ ላይ ያለችውን፣ ምላጩን አስጠግቶ ከያዛት በኋላ ተወት አደረገ። ይቺ ትቆይ አለኝ። እማዬ ከበሩ ሆና ለመንገድ ስንቅ መሆኗ ነው ስትለው ፈገግ አለ፤ እኔም አልተከራከርኩትም። ከነላስቲኳ ተመለሰች።

እጄን ስታጠብ፣ ከጥፍሬ ሥር ያለው ጥቁር አፈር አልለቅ ሲለኝ፣ ሳላስበው ማስላት ጀመርኩ። ያኛውን ሲተክል አባዬ አሁን እኔ ካለሁበት ዕድሜ ያነሰ ጎረምሳ ነበር። ይኸኛው ትከሻው ላይ እስኪደርስ ትከሻው ራሱ ዝቅ ይላል። ስርቻው ውስጥ የሚንበረከክ ልጅ ቢኖር የእኔ ልጅ ነው የሚሆነው፣ ያም ከተገኘ። ጥድ ይተከላል፣ ከጠፋም በሌላ ይተካል፤ ከጥዱ ማዶ የሚቆመው ሰው ግን ከችግኝ ጣቢያ አይገዛም። በዚህ ሰፈር ሁለት ክረምት ኖረን የአንድ ጎረቤት ስም አናውቅም ነበር። ይህን የተረዳሁት አባዬ ራት ላይ፣ የተፈታው ሥር ፍግ ካላገኘ መረሬው መልሶ ይጨብጠዋል፣ እዚህ ደግሞ ከማን ይገኛል ሲል፣ ሦስታችንም የምንጠራው ስም ስላጣን ነው። ከቤታችን ጀርባ ማለዳ ማለዳ ላም ስትጮህ እንሰማለን፤ የማን ላም ናት ብለን ግን ጠይቀን አናውቅም።

በማግስቱ እሑድ፣ እነአባዬ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለሱ፣ ባዶ ከረጢት አጣጥፌ በብብቴ ይዤ ወጣሁ። መንገዱን ዞሬ ከጀርባችን ካለው ቤት ደረስኩና የብረት በሩን አንኳኳሁ። ማንም ካልሰማ እመለሳለሁ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። አንዲት ጠና ያሉ፣ ሻሽ ያሰሩ ሴት የወተት ጣሳ እንደያዙ ከፈቱልኝ።

«ደህና አደሩ» አልኳቸው። «ጎረቤት ነኝ፣ ከዚህ ከጀርባዎ ካለው ቤት።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «መቼ ገባችሁ?»

«ሁለት ክረምት አለፈን።»

«እና እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?»

መንገድ ላይ ሳጠናው የመጣሁት ነገር ሁሉ ጠፋኝ። «ዕቃ እያወረድን ነበር» አልኳቸው።

ሴትየዋ እስኪበቃቸው ሳቁ፤ እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ፤ ከረጢቱን ዘርግቼም ለችግኞቻችን ፍግ ፈልጌ እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ግቢ በይ፣ ፍግ እንደሆነ ሞልቷል፣ ማንም አይወስደውም አሉኝና አካፋ አመጡ። የከረጢቱን አፍ ወለል አድርጌ ከፈትኩላቸው፤ እየዛቁ ስሜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከዚያም ከረጢቱን እንደያዝኩ፣ ቀና ብዬ፣ የእሳቸውን ስም ጠየቅኋቸው።